በሐረርና በድሬዳዋ ጓሮ የትኛው እሾህ አልባ ብላክቤሪ ይሆናል?

የጓሮ አትክልት ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች ከሐረርና ከድሬዳዋ የመጡ ናቸው፤ ሁሉም የሚያጠነጥኑት በአንድ ተክል ላይ ነው። ብላክቤሪ የምንለው ከውጭ የመጣውን፣ ፍሬው ሲበስል የሚጠቁረውን፣ በደጋው ጫካ ዳር የሚበቅለውን እሾሃም እንጆሪ የሚዛመደውን ተክል ነው። መሬት ለመሬት የሚሄደው ትልቁ ቀይ እንጆሪ ሌላ ነው። ዝርያዎቹ የወጡባቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ ወራቱ በእኛው ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ሐረር፣ ሸንኮር ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ውሎዬ ጓሮ ሆኗል። አሜሪካ ያለችው ልጄ «አባዬ፣ እሾህ የሌለው ብላክቤሪ ልላክልህ፤ አንተ ምረጥ» ብላ አምስት ስም ጻፈችልኝ፦ ናቫሆ፣ ዋሺታ፣ ትሪፕል ክራውን፣ ቼስተር እና ፕራይም አርክ ፍሪደም። ያለኝ ባዶ ቦታ 4 ሜትር በ6 ሜትር ነው። እሷ ናቫሆን ታወድሳለች፤ እንደሱ የሚጣፍጥ የለም ትላለች። የትኛውን ልበላት?

መልስ፦ ስለ ጣዕሙ ልጅዎ አልተሳሳቱም። የናቫሆ ፍሬ ትንሽ ነው፤ አንዱ ቢመዘን 5 ግራም ገደማ ነው። በጣፋጭነት ግን ከአምስቱ ቀዳሚ ነው ብንል አናጋንንም። የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ በ1988 ያወጣው ይህ ዝርያ ለሐረር ግን አይሆንም። ቅጠሉ ያምርብዎታል፣ ፍሬውን ግን ሲጠብቁ ይኖራሉ።

ምክንያቱን ለመረዳት የተክሉን አኗኗር ማወቅ ያስፈልጋል። የብላክቤሪ ሥር ብዙ ዓመት ይኖራል። ከሥሩ የሚወጣው ዘንግ ግን ዕድሜው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ያድጋል፣ በሁለተኛው አብቦ ያፈራና ይደርቃል። የመጀመሪያውን የዘንድሮ ዘንግ፣ ሁለተኛውን የአምና ዘንግ እንበላቸው። አብዛኞቹ ዝርያዎች የሚያፈሩት በአምናው ዘንግ ላይ ነው። የአምናው ዘንግ ደግሞ እንቡጡን ከመክፈቱ በፊት ብርድ ይፈልጋል፤ የሚለካውም ከ7 ዲግሪ በታች በሆነ ሙቀት ባሳለፈው ሰዓት ብዛት ነው። ናቫሆ ከ800 እስከ 900 ሰዓት ይጠይቃል። ብርዱ ሲጎድልበት የጫፉ እንቡጥ ብቻ ይከፈታል፣ መሐሉ ባዶ ይቀራል፣ አበባውም አንድ ዛሬ አንድ ከወር በኋላ እየሆነ ይበታተናል።

ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናትና ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል። ነገር ግን ከ7 ዲግሪ በታች የሚወርደው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ ያጠራቀመውንም የቀኑ ፀሐይ መልሶ ይሽረዋል። ስለዚህ እዚያ ዝርያ ሲመረጥ መቅደም ያለበት ጥያቄ ፍሬው በየትኛው ዘንግ ላይ ይመጣል የሚለው ነው። ጣዕም ከዚያ በኋላ ይጠየቃል።

በዚህ ሚዛን ከአምስቱ የእኛ ምርጫ ፕራይም አርክ ፍሪደም ነው። በ2013 የወጣው በዚያው በአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ እሾህ ሳይኖረው በዘንድሮው ዘንግ ላይ የሚያፈራ የመጀመሪያው ዝርያ ነው። ለዚህኛው ፍሬው ብርድ መጠበቅ የለበትም። ፍሬው ትልቅ ነው፤ 9 ግራምና ከዚያም በላይ ይመዝናል፣ ጣዕሙም ጥሩ ነው። ጉድለቱ ልስላሴው ነው። ዛሬ ተቀጥፎ ነገ መበላት አለበት፤ በሣጥን ተጭኖ ድሬዳዋ ቢወርድ ጭማቂ ሆኖ ይደርሳል። ለሆቴል የመሸጥ ሐሳብ ካለዎት ልጅዎ በ2014 የወጣውን ፕራይም አርክ ትራቨለር ይፈልጉ። እሱም በዘንድሮው ዘንግ ያፈራል፣ ፍሬው ትንሽ ያንሳል፣ ግን ጠንካራ ስለሆነ መንገድ ይችላል።

ዋሺታ በ2003 የወጣ ነው። ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ ፍሬው 6 ግራም ገደማ ነው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሳምንት በላይ ይቆያል። የብርድ ፍላጎቱ ከናቫሆ ግማሽ ያህል ነው። ቢሆንም የሚያፈራው በአምናው ዘንግ ብቻ ስለሆነ ለሐረር ዕጣ እንደ መጣል ነው። ለሙከራ ሁለት ችግኝ ቢተክሉ አንቃወምም። ከኅዳር ጀምሮ ውሃውን ይቀንሱለት፣ ማዳበሪያ አይስጡት፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ቅጠሉን በእጅ አራግፈው የጎን ቅርንጫፎቹን ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር አስቀርተው ይቁረጡ፤ ከዚያ እንደገና ያጠጡት። የሜክሲኮዋ ሚቾአካን ገበሬዎች ብርድ በሌለበት ቦታ ቱፒ የተባለውን የብራዚል ዝርያ የሚያፈሩት በዚሁ መንገድ፣ ቅጠል በማራገፍ ነው። ቱፒ ራሱ ግን እሾሃም ስለሆነ ከዚህ ንጽጽር ውጭ ነው።

ትሪፕል ክራውን የ1996 ዝርያ ነው። ጣዕሙ ከናቫሆ ጋር ይፎካከራል፣ ፍሬው ደግሞ በእጥፍ ሊበልጠው ምንም አይቀረው። ዘንጉ ግን 3 ሜትርና ከዚያ በላይ እየረዘመ ስለሚንዘላዘል የእርስዎን ቦታ አራት ተክል ይሞላዋል፤ ብርድም በብዛት ይፈልጋል። የ1985ቱ ቼስተር ፍሬው ፀሐይ ሲመታው ባለመልፈስፈሱ ይመሰገናል። ይህን የሰማ ሰው ለሞቃት አገር የሚሆን ይመስለዋል። ሙቀት የሚችለው ፍሬው ነው፤ እንቡጡ ብርድ ካላገኘ ፍሬው ከየት ይመጣል? ሁለቱንም ይተዉአቸው።

ስለዚህ በ6 ሜትሩ ርዝመት አንድ መስመር አውጥተው በየ75 ሳንቲ ሜትሩ ስምንት ችግኝ ይትከሉ፤ ስድስቱ ፍሪደም፣ ሁለቱ ዋሺታ። ከዚህ በፊት ቲማቲም፣ ድንች ወይም በርበሬ የነበረበት መደብ ላይ አይሁን፤ እነሱን የሚያጠወልገው የአፈር ፈንገስ ብላክቤሪንም ይይዛል። ጉድጓዱ 40 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከወጣው አፈር ጋር አንድ ባልዲ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይቀላቅሉ፤ ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። ችግኙ ችግኝ ጣቢያ ከነበረበት ጥልቀት በታች አይውረድ። የሚተከለው ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሲይዝ ነው። እነዚህ ዝርያዎች ቀጥ ብለው ይቆማሉ ቢባልም ፍሬ ሲከብድባቸው ይዘማሉ፤ በመስመሩ ሁለት ጫፍና መሐል የባሕር ዛፍ ቋሚ 60 ሳንቲ ሜትር ቀብረው በ60 እና በ120 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሽቦ ይወጥሩ።

ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የፍሪደም ዋና ሥራ ቆረጣ ነው። ግንቦት አጋማሽ ላይ ዘንጉን ሁሉ ከመሬት 5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አስቀርተው ይቁረጡት። ጨካኝ ይመስላል፤ ግን አዲሱ ዘንግ ሰኔ ላይ ይወጣል፣ የክረምቱን ዝናብ ይጠጣል፣ መስከረም አካባቢ ያብባል። ከአበባ እስከ ብስል ፍሬ ከ40 እስከ 50 ቀን ስለሚፈጅ ለቀማው ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ደረቁ ወር ላይ ያርፋል። ሳይቆረጥ ቢተው በክረምቱ መሐል ሊያፈራ ይችላል፤ ያኔ ግራጫ ሻጋታ ፍሬውን ይጨርሰዋል። አዲሱ ዘንግ 90 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቁረጡ፤ የጎን ቅርንጫፍ ያወጣል፣ አበባውም ይበዛል። ጫፉ ላይ እንቡጥ ከታየ በኋላ ግን አይንኩት፤ የሚቆርጡት ፍሬውን ነው።

ስለ መላኩ ሥርዓት ከታች የመለስነውን ይመልከቱ። ልጅዎ በሻንጣ ከመክተታቸው በፊት ቢነበብላቸው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ ከድሬ ነኝ፣ ሳቢያን። ሁለት ብላክቤሪ ግቢዬ ውስጥ ተከልኩ። መጀመሪያ ደህና ነበሩ፤ አሁን አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቢጫ ነው፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። የማጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። አመድ ጨመርኩ፣ የቡና አተላም ሰው ነግሮኝ እየደፋሁ ነው፤ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። ምን ጎደለው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የጎደለው ብረት ነው። ብረቱ ግን ከአፈርህ አልጠፋም፤ ኖራው ይዞታል። ምልክቱን በትክክል ነው የገለጽከው። አሮጌው የታችኛው ቅጠል ቀድሞ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ቢሆን ኖሮ የናይትሮጅን እጥረት እንል ነበር። አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ ሲገረጣ የብረት እጥረት ነው።

ድሬዳዋ የምትገኘው በኖራ ድንጋይ አገር ነው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለባትም ለዚሁ ነው። ማንቆርቆሪያህ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ከየት የመጣ ይመስልሃል? ብላክቤሪ የሚወደው የአፈር ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣ ነው) ከ5.5 እስከ 6.8 ነው። ኖራ ያለበት አፈር ወደ 8 ይጠጋል፤ እዚያ ላይ ብረት ሥር ሊስበው ወደማይችል መልክ ይለወጣል። የእሾህና የሙቀት ነገር ብዙ ይወራለታል፤ በእኛ ግምት በድሬ ብላክቤሪን ከሁሉ በላይ የሚገድለው ኖራ ነው።

አፈርህን ለመፈተን ከየጥልቀቱ አንድ እፍኝ አድርቀህ ጥቂት የአቼቶ ጠብታ አፍስስበት። ከተንጨረጨረና አረፋ ካወጣ ኖራ አለው። ከደቻቱ ወንዝ የሚመጣውን አሸዋም ከመቀላቀልህ በፊት በዚሁ ፈትነው፤ ብዙ ሰው አፈሩን ያሻሻለ መስሎት ኖራ ይጨምርበታል።

አመዱን ዛሬውኑ አቁም። አመድ ራሱ እንደ ኖራ ነው የሚሠራው፤ ያባሰብህም እሱ ነው። የቡና አተላ አፈር ያኮመጥጣል የሚባለው ከተፈላ በኋላ እውነት አይደለም፤ አሲዱ አብዛኛው ከቡናው ጋር ተጠጥቷል። አተላው ከኮምፖስት ጋር ሲብላላ ጥሩ ነው፤ በላዩ ላይ ተከምሮ ሲደርቅ ግን ቅርፊት ሠርቶ ውሃ አያሳልፍም።

ድኝ መጨመርን የሚመክር ሰው አይጠፋም። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ካሬ ሜትር መሬት እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 260 ኪሎ ያህል አፈር አለው። ከዚያ ውስጥ ኖራው 1 በመቶ ብቻ ቢሆን 2.6 ኪሎ ነው፤ ያንን ለማጥፋት ከ800 ግራም በላይ ድኝ ይፈጃል። ኖራው 10 በመቶ ከሆነ 8 ኪሎ። ያም ሆኖ በጉድጓድ ውሃ ስታጠጣ ኖራው ተመልሶ ይመጣል። አቼቶ ውሃው ላይ መጨመርም እንዲሁ ነው፤ ለጊዜው ያለዝበዋል፣ አፈር ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን አቼቶውን ሲበሉት ግን ወደ ነበረበት ይመለሳል።

የሚሠራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለአሁኑ፣ ኢዲዲኤችኤ የተባለው የብረት ኪሌት ነው፤ ኪሌት ማለት ብረቱን አፈሩ እንዳይነጥቀው አቅፎ የሚይዝ ውህድ ነው። ኢዲቲኤ የሚለውን አትግዛ፤ ዋጋው ይረክሳል፣ ግን ፒኤች ከ6.5 ሲያልፍ ብረቱን ይለቀዋል። ኢዲዲኤችኤ ኖራ ባለበት አፈርም ይዞ ይቆያል። ለአንድ ተክል 5 ግራም ያህል በ10 ሊትር ውሃ በጥብጠህ አመሻሽ ላይ ሥሩ ዙሪያ አጠጣ፤ ማሸጊያው ላይ ካለው መጠን አትለፍ። አዲስ የሚወጣው ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ከመጣ ምርመራህ ልክ ነበር ማለት ነው። ቢጫ የሆነው አሮጌ ቅጠል ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፤ አትጠብቀው።

ሁለተኛው ለዘለቄታው ነው፦ ተክሉን ከኖራው ማውጣት። 1 ሜትር ስፋትና 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ በድንጋይ ክበብና ከውጭ በመጣ አፈር ሙላው። የኖራ ድንጋይ እንዳይሆን ግን ድንጋዩንም በአቼቶ ፈትን። ከባቢሌ በኩል የሚመጣው አሸዋማ አፈር ከግራናይት የተፈጨ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ይስማማዋል፤ ሁለት እጅ እሱን፣ አንድ እጅ ኮምፖስት አድርግ። ክረምት ሲገባ የጣራህን ውሃ አጠራቅም። 20 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 200 ሊትር፣ አንድ ሙሉ በርሜል ነው። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ካጠበ በኋላ ያለውን ያዝ። የልብስ ማጠቢያ ውሃ ግን ለዚህ ተክል አይሁን፤ ሶዲየሙ ከኖራው አይሻልም።

ጥያቄ፦ ጀጎል ውስጥ ነው ቤታችን። ግቢያችን ጠባብ ነው፣ ወለሉም ድንጋይ ነው። በርሜል ቆርጬ ብተክልስ? ልጆች ስላሉ እሾህ የሌለው ነው የምፈልገው።

መልስ፦ ይቻላል እኅታችን፤ የቀደመውን መልስ ካነበብሽ በርሜል እንዲያውም ጥቅም አለው፣ አፈሩን የምትመርጪው አንቺ ነሽና። ሰማያዊውን የ200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል በወገቡ ለሁለት ቁረጪው፤ እያንዳንዱ ግማሽ አንድ ተክል ይይዛል። ከ40 ሊትር በታች የሆነ ዕቃ ግን ተክሉን በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ ያስለምነዋል። ኬሚካል የነበረበት በርሜል አይሁን። ታቹን ከ8 እስከ 10 ቦታ ቀዳድተሽ በሦስት ድንጋይ ላይ አስቀምጪው። ሁለት እጅ በአቼቶ የማይንጨረጨር አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ቀላቅለሽ ሙዪው።

ዝርያው ፕራይም አርክ ፍሪደም ይሁን። ትሪፕል ክራውንን የመሰሉ የሚንዘላዘሉ ዝርያዎች በጠባብ ግቢ መተላለፊያ ያሳጣሉ። ብላክቤሪ በቀን 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል፤ በጀጎል ግቢ ደግሞ ግድግዳው ከረፋድ በፊትና ከሰዓት በኋላ ጥላ ይጥላል። ፀሐይ የሚቆይበትን ጥግ አንድ ቀን ተከታተይና ምረጪ። የተለቀለቀ ነጭ ግድግዳ ሥር ግን አታስጠጊው፤ ግድግዳው የሚመልሰው ሙቀት ቅጠሉን ከጀርባ ይጠብሰዋል፣ ቀይ ሸረሪትም ይወድለታል። አንድ ክንድ ያህል አርቀሽ አኑሪው፣ በርሜሉን በጆንያ ጠቅልይው።

በደረቁ ወራት በቀን ከ4 እስከ 8 ሊትር ይጠጣል። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቢ፤ ደረቅ ከሆነ አጠጪ፣ እርጥብ ከሆነ ተዪው። በወር አንድ ጊዜ ከታች እስኪፈስ አጠጪው፤ የተጠራቀመው ጨው ታጥቦ ይወጣል። የሐረር የቧንቧ ውሃም ከፊሉ ከድሬዳዋ በኩል ከጉድጓድ እየተገፋ የሚመጣ ስለሆነ የዝናብ ውሃ ካለሽ ለዚህ ተክል ቆጥቢ። አዲሱ ዘንግ አንድ ክንድ ሲሆን አንድ ጊዜ፣ ጫፉ ሲቆረጥ ሌላ ጊዜ፣ 10 ግራም ዩሪያ በውሃ በጥብጠሽ ስጪው፤ ልሙጥ ሁለት ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል ይሆናል። የአጥንት ዱቄት የሚመክር መጽሐፍ ቢያጋጥምሽ በሐረር አታድርጊው። ሌሊት በሩ ክፍት ከሆነ ማን ሊቆፍረው እንደሚመጣ አንቺው ታውቂያለሽ።

ጥያቄ፦ እሾህ የሌለው ብዬ የገዛሁት ብላክቤሪ ዙሪያውን ስኮተኩት እሾሃም ቡቃያ ማውጣት ጀመረ። ተታለልኩ ወይስ ተለወጠ? (ሐረር፣ ሐኪም ሰፈር)

መልስ፦ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ ቆፍረው ያገኙታል። ቡቃያውን ተከትለው ወደ ታች ይውረዱ። ከተክልዎ በአግድም ከሚሄድ ሥር ላይ ከተነሳ ልጁ ነው። የራሱ ወደ ታች የሚወርድ ሥር ካለው ግን ወፍ የጣለችው ዘር ነው፤ ነቅለው ይጣሉት።

ልጁ ከሆነ ተክልዎ እሾህ አልባነቱ ቆዳው ላይ ብቻ የሆነ ዓይነት ነው፤ ቶርንለስ ኤቨርግሪን የተባለው የታወቀው ምሳሌ ነው። የዘንጉ ውጫዊ ሽፋን እሾህ አያወጣም፣ ውስጡ ግን እሾሃም እንደሆነ ነው። ሥር የሚያቆጠቁጠው ከውስጥ ስለሆነ መኮትኮቻ ሥሩን በነካ ቁጥር እሾሃም ልጅ ይወለዳል። መድኃኒቱ አለመኮትኮት ነው። ዙሪያውን 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ጉዝጓዝ አልብሰው አረሙን በእጅ ይንቀሉ። ምስጥ ባለበት ሰፈር ጭድ ሳይሆን በአቼቶ ያልተንጨረጨረ ጠጠር ያልብሱ።

ከላይ የዘረዘርናቸው የአርካንሳስ ዝርያዎች እሾህ አልባነታቸው በዘራቸው ውስጥ ያለ ነው፤ ከሥር የሚወጣው ልጅም እሾህ የለውም። ስለዚህ «ዋሺታ ነው» ተብሎ የተሸጠልዎ ከሥሩ እሾሃም ከወለደ ዋሺታ አይደለም። ሦስተኛው ዕድል ይኸው ነው።

ለማባዛትም ልዩነቱ ይጠቅማል። ቀጥ ብለው የሚቆሙትን የአርካንሳስ ዝርያዎች እርሳስ የሚያህል ውፍረት ካለው ሥር ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እየቆረጡ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ አጋድሞ መቅበር ነው። እንደ ትሪፕል ክራውን ያሉት ዘንጋቸው የሚንዘላዘለው ደግሞ ጫፋቸው በነሐሴ 10 ሳንቲ ሜትር ቢቀበር ራሱ ሥር ያወጣል። ቶርንለስ ኤቨርግሪን ግን በጫፍ ብቻ።

ጥያቄ፦ በስልክ የሚሸጥ «እሾህ አልባ ግዙፍ ብላክቤሪ» ዘር አየሁ፤ ፓኬቱ 100 ፍሬ ዘር አለው። እኅቴም ከውጭ ስትመጣ ችግኝ ልታመጣልኝ ትችላለች። የቱ ይሻላል? (ድሬዳዋ፣ ለገሀሬ)

መልስ፦ ዘሩን ይተዉት። የብላክቤሪ ዘር ቅርፊቱ ድንጋይ ነው፤ ቅርፊቱ ሳይቦጨር፣ ከዚያም በእርጥብ አሸዋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ወራት ሳይቆይ ብዙውን ጊዜ አይበቅልም። ቢበቅልም እናቱን አይመስልም። እሾህ አልባነት ተሸናፊ ባሕርይ ስለሆነ አበባው ከእሾሃም ብላክቤሪ ዱቄት ከተቀበለ ልጆቹ እሾሃም ይሆናሉ። ዝርያ የሚጠበቀው ከቁራጭ፣ ከሥር ወይም ከቲሹ ካልቸር (በላቦራቶሪ ከተክሉ ጥቃቅን ቁራጭ) ሲራባ ብቻ ነው። ፎቶው ላይ ሰማያዊ ፍሬ ካለ ደግሞ መልሱን አግኝተዋል።

ችግኙን በተመለከተ በሻንጣ ደብቆ ማምጣት ሕገ ወጥ ነው። ተክል ወደ አገር የሚገባው አስቀድሞ ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ ተወስዶ፣ ከሚወጣበትም አገር የእፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ተያይዞ ነው። ምክንያቱ ወረቀት ለማብዛት አይደለም። ብርቱካናማ ዋግ የተባለው የብላክቤሪ በሽታ ውስጥ ለውስጥ በሥር ይሄዳል፤ አንዴ የያዘው ተክል አይድንም፣ ተነቅሎ መቃጠል አለበት። እኅትዎ በሕጉ መንገድ ከሄዱ በጠርሙስ የሚሸጠውን የቲሹ ካልቸር ችግኝ ይምረጡ፤ አፈር የለውም፣ ቀላልም ነው። ሲደርስ በቀጥታ ፀሐይ ላይ አያውጡት። ግልጽ ላስቲክ ሸፍነው ጥላ ውስጥ በየቀኑ ላስቲኩን ትንሽ ትንሽ እየከፈቱ ሁለት ሳምንት ያለማምዱት።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነኝ። ብላክቤሪዬ ያብባል፣ ግን ፍሬው ጥርሱ የረገፈ አፍ ይመስላል፤ አንዳንዱ እንክብል ነጭ ሆኖ ይቀራል። ለምን?

መልስ፦ እያንዳንዱ ፍሬ የብዙ ትናንሽ እንክብሎች ስብስብ ነው። እንክብሉ የሚሞላው የአበባው ዱቄት ሲደርሰው ነው። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ቁጥር ዱቄቱ ይዳከማል፣ ያልደረሰው ቦታ ባዶ ይቀራል። ነጩ ደግሞ ፀሐይ የጠበሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን፣ ፀሐይ በሚመታው በኩል ብቻ ያዩታል። ለሁለተኛው 30 በመቶ የሚያጠላ መረብ አበባው ከጀመረ አንሥቶ በላዩ መዘርጋት ይረዳል። ለመጀመሪያው ግን ጊዜውን ማዛወር እንጂ ሌላ መላ የለውም። ተክልዎ በዘንድሮው ዘንግ የሚያፈራ ከሆነ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከሥሩ ይቁረጡት፤ አበባው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ የድሬ ሙቀት ቀለል ሲል ይወድቃል። በአምናው ዘንግ የሚያፈራ ከሆነ አይልፉ።

ቁርጡን ለመናገር፣ 1,200 ሜትር ላይ ጥቁር ጣፋጭ ፍሬ ለሚፈልግ ሰው እኛ የምንመክረው የሐር ትል የሚቀለብበትን የእንጆሪ ዛፍ ነው። ዝምድናው ሩቅ ቢሆንም ፍሬው በመልክ ይመሳሰላል። እሾህ የለውም፣ ብርድ አይለምንም፣ ኖራውንም ይችለዋል። ፍሬ ሲሰጥ ካዩት ዛፍ ላይ ብቻ ቁራጭ ይውሰዱ፤ ወንድ ዛፍ አያፈራም። 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ ቢያንስ ሦስት እንቡጥ ያለው፣ ከእርሳስ ወፈር ያለ ቁራጭ በክረምት ሁለት ሦስተኛውን ቀብረው ያጠጡ። ከግድግዳና ከውሃ ቧንቧ 4 ሜትር ይራቅ። ከለቀማ በኋላ በየዓመቱ 2 ሜትር ላይ ይከርከሙት፤ ካልሆነ ፍሬው የወፍ ብቻ ይሆናል። ልብስ የሚሰጣበት ገመድ በሥሩ እንዳያልፍ፤ ቀለሙ አይለቅም።

ጥያቄ፦ ፍሬው ጠቁሮ ስቀጥፈው ይኮመጥጣል። ዝርያው ነው? (ሐረር፣ አራተኛ ሰፈር)

መልስ፦ ዝርያው ሊሆን ይችላል፤ ቀድሞ ግን ሁለትና ሦስት ቀን ይጨምሩለት። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ገና ነው። ብርሃኑ ደብዘዝ ሲልና ትንሽ ሲነኩት እጅዎ ላይ ሲወድቅ በስሏል። ከተቀጠፈ በኋላ አይጣፍጥም፤ ስለዚህ ቀይ ሆኖ ቀጥፎ ማሳደር ከንቱ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ በየሁለት ቀኑ ይልቀሙ። ወፍ ከቀደመዎ በፍሬው ላይ ሳይሆን በቋሚዎቹ ላይ መረብ ይወጥሩ፤ ፍሬው ላይ የተኛ መረብ ወፏን አይከለክላትም። ሳያጥቡ፣ ከሁለት ድርብ በላይ ሳይቆልሉ ማቀዝቀዣ ያስገቡት፤ የሚታጠበው ሊበላ ሲል ነው። በማግሥቱ አንዳንዱ እንክብል ቀልቶ ቢያገኙት አልተበላሸም። በፀሐይ ሙቀት ተለቅሞ በድንገት ሲቀዘቅዝ ቀለሙ ስለሚመለስ ነው፤ ጣዕሙ ያው ነው።